ሃያ ሦስት ቃልና አንድ ምስክር

ዳንግላ፣
ኅዳር 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ደርበው፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት ማሪቱ እንደሆነች አውቃለሁ። ማሪቱ፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ አባትሽ የሚቸኩል አንባቢ አይወዱም። ስለ እኔ የሚያሳፍር ነገር ስታገኚም አዝነሽልኝ እንዳትዘዪው። እሱን ለመጻፍ ነው ዘጠኝ ወር የፈጀብኝ።

ጋሼ፣ እህተማርያም ነኝ፤ የአድማሴ ልጅ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከዚያች አንድ ጎኗ ከተቀደደ ጥቁር ጃንጥላ ሥር፣ እርስዎ የሰው አቤቱታ ሲጽፉ እኔ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ የመስኖ ቦይ ስስል የከረምኩት ነኝ። ባለፈው ታኅሣሥ ደግሞ በባለጉዳይ ፊት ክፉ ተናግሬዎት የሄድኩት። ሁለቱም እኔ ነኝ።

ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ግን ይቅርታ በስልክ ሲጠየቅ ኔትወርኩ ልክ እዚያች ቃል ላይ ይቆረጥና ነገሩ “ሄሎ፣ ሄሎ” ብቻ ሆኖ ይቀራል። እርስዎም ቢሆኑ በአፍ የተባለ ነገር መዝገብ ውስጥ አይገባም ሲሉ ነው የኖሩት። ስለዚህ መጻፉን መረጥኩ፤ የጫግኒው አውቶቡስ ሹፌር ዓለምነው በእጅዎ ያደርስልኛል።

እርስዎ ማመልከቻ ሲጽፉ የሚጠየቀው ዳኝነት መጨረሻ ላይ ነው የሚሰፍረው። እኔ ግን ከፊት ላስቀድመው፤ የዞረ ንግግር እንደማልችል ያውቃሉ። ምስክር እንዲሆኑኝ እፈልጋለሁ። እንጅባራ ያለ አንድ የመስኖ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት የመስኖ መሐንዲስ ይፈልጋል፤ ምዝገባው ዓርብ ኅዳር 15 ያበቃል። አመለክታለሁ። ከእርስዎ በቀር ግን ስለ ሥራዬ የሚናገርልኝ ሰው የለኝም። ያን ሁሉ ተናግሬዎት ይህን መጠየቄ ዓይን አውጣነት መሆኑን አላጣሁትም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው።

በ2007 ሐምሌ ስመረቅ አባቴ ዲግሪዬን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እኔንም አስከትሎ፣ ቀጥታ እርስዎ ዘንድ መጣ። ለአባቴ ወረቀት ማለት እርስዎ ነዎት። የመሬት ክርክሩን ጽፈው ያስረቱለት እርስዎ፣ የእህቱን የውርስ ጉዳይ የጨረሱት እርስዎ። ታዲያ ለመሐንዲስ ልጁ ሥራ የሚያስገኝ ብዕር ከሌላ ከየት ሊመጣ ነው? እርስዎም እንደ ልማድዎ ጻፉ፦ “እኔ አመልካች የድኻ አርሶ አደር ልጅ ስሆን፣ ወላጆቼ ያለ እኔ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው በመሆኑ፣ የተከበረው መሥሪያ ቤት ችግሬን በርኅራኄ ተመልክቶ...” ሲነበብለት የአባቴ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ፤ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው የተባሉት ወላጆቼ ከእኔ ሌላ አምስት ልጆች አሏቸው፣ እናቴም ገና አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ያንን ወረቀት ለሰባት መሥሪያ ቤት አስገባሁ። ስለ ውሃ አንድ ቃል የለበትም፤ ስለ ቦይም፣ ስለ ቅየሳም። ለምን እንዳልጠሩኝ የገባኝ ግን በጣም ቆይቶ ነው። የዚያን ጊዜ የመሰለኝ ዘመድ ስለሌለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ተናድጄ መጣሁ። እርስዎ አልተቆጡም። የሥራ ማስታወቂያውን አምጪው አሉኝ። በዚያ ዘመን ዓይንዎ በማጉያ መስታወት ይታገዝ ነበር፤ መስታወቱን ወረቀቱ ላይ እየጎተቱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀዩን እስክርቢቶ አንሥተው ቃላት ያሰምሩ ጀመር፤ የፍሰት ልኬት፣ ቅየሳ፣ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር። ካሰመሩ በኋላ ያሉኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አልረሳሁትም።

“ይህ ወረቀት’ኮ ክስ ነው የሚመስለው። ለክስ መልስ ሲሰጥ በተጠየቁበት ቃል ነው የሚመለሰው። ከሳሽ ‘ድንበር ገፋ’ ካለ ‘ድንበር አልገፋሁም’ ይባላል እንጂ ‘እኔ ደግ ሰው ነኝ’ አይባልም። እኔ ያንቺን ‘ደግ ሰው ናት’ ብዬ ነው የጻፍኩት። ተሳስቻለሁ።”

ሠላሳ ዓመት የጻፉ ሰው፣ በሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ፊት፣ ተሳስቻለሁ አሉ። እኔ ከዚያ የወሰድኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ በተጠየቁበት ቃል መመለስን። ተሳስቻለሁ ማለቱን አልተማርኩትም፤ እሱን በኋላ በውድ ዋጋ ገዛሁት።

ቀጥለው እያንዳንዱን ያሰመሩበትን ቃል በጣትዎ እየነኩ “ለዚህ ማን ምስክር አለሽ?” ብለው ጠየቁኝ። አንድም አልነበረኝም። መምህሬ ቢጠራ በክፍል ውስጥ ስትጽፍ አየኋት ይል እንደሆነ ነው። እርስዎ ጢምዎን እየዳበሱ ትንሽ አሰቡና፣ የውሃ ተራ ክርክር የያዙ ብዙ ባለጉዳዮች አሉኝ፣ ሁሉም ውሃዬ ቀነሰ ይላል፣ ስንት እንደቀነሰ የሚያውቅ ግን የለም፣ ዳኛውም ተቸግሯል፣ ነይ ለኪልኝ አሉ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ወይዘሮ ደጊቱ ነበረች፤ ድንችና ሽንኩርት በመስኖ የምታለማዋ። ጎረቤቷ ካሳው ከላይ ሆኖ ውሃ ያስቀርብኛል ብላ ከስሳለች። ሜትርና የእጅ ሰዓት ይዘን ሄድን። መሣሪያ የለኝም። ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ከማሳው ጥግ አነሣሁና አሥር ሜትር በለካሁበት ቦይ ላይ ለቀቅሁት፤ እርስዎ ከታች ቆመው ሲደርስ “ደረሰ” ይላሉ፣ እኔ ሰዓቱን እይዛለሁ። ሃያ አምስት ሴኮንድ። የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ለካሁ፤ ከላይ ያለው ውሃ ከሥረኛው እንደሚፈጥን አስቤ ቀነስኩ፤ በሴኮንድ አሥራ ሰባት ሊትር ገደማ ሆነ። በካሳው በኩል ያለው ቅርንጫፍ ሠላሳ አንድ ነበር። ቁጥሩን ስናገር ካሳው ራሱ ደነገጠ፤ ሰውየው አውቆ አልነበረም፣ ቦዩ በክረምት ጎርፍ በእሱ በኩል ጠልቆበት ነው።

እኔ የሲሚንቶ ማከፋፈያ ልሥራ ብዬ ወረቀት ሳወጣ ወይዘሮ ደጊቱ በአዊኛ አንድ ነገር ብላ ሳቀችብኝ። ሲሚንቶውን ማን ይገዛል፣ ወፍራም ሳንቃ ቦዩ ለሁለት የሚከፈልበት ላይ ይጋደምና እኩል ሁለት አፍ ይበሳለት፣ እኔም እሱም በዓይናችን እናየዋለን አለች። የበሱት ሁለቱ ተከራካሪዎች አብረው ነው። እኔ ስፋቱን አስልቼ ሳልኩት፤ እርስዎ ሥዕሉን ከእርቅ ስምምነቱ ጋር አያይዘው አስገቡት፤ መዝገቡም ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ባለጉዳዩ “መሐንዲሷ ትምጣልኝ” ማለት ጀመረ። አንድ በጋ ከሩብ፣ ሠላሳ አንድ ቦታ ለካሁ፤ በየቦታውም እንደዚያው ሳንቃ ተጋደመ። አንዱን ቦታ፣ ከግምጃ ቤት መንገድ በታች ያለውን፣ ጥልቀቱን ከዳር ብቻ ወስጄ አሳስቼ ነበር፤ እርስዎ ማታውን ቁጥሩ አልጣመኝም ብለው በሳምንቱ መልሰው ወሰዱኝና አርሜዋለሁ።

ይህን ሁሉ ስሠራ ግን ጋሼ፣ ሥራ አልመሰለኝም። ሥራ ማለት ለእኔ በር ያለው ቢሮ ነበር፤ ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ ስሜ የተጻፈበት ጠረጴዛ። ሠርግ ላይ “ሥራ ያዝሽ?” ሲሉኝ “ገና ነኝ” እላለሁ፤ ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ከትናንቱ ልኬት የመጣ ነው። ከእርስዎ ጋር ተቀምጬ አብሮ አደጎቼ በመንገዱ ሲያልፉ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞር ነበር። ያዩኛል ብዬ እፈራ ነበር። እንዲያውም አይተዋል፤ ደንታም አልነበራቸው፣ እኔ ነኝ ያፈርኩት።

በ2009 ኅዳር አብሮኝ የተመረቀው ክንዴ ከአዲስ አበባ ደወለ። እሱ ተቀጥሯል። ማመልከቻውን መጀመሪያ የሚያየው መሐንዲስ አይደለም አለኝ፤ አንድ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው፣ ፊቱ አምስት መቶ ወረቀት ተቆልሏል፣ በእጁ ደግሞ የቃላት ዝርዝር ይዟል። ቃሉን ካላየ ወረቀትሽን ወደዚያኛው ክምር ይጥለዋል። ስለዚህ ያለሽን ነገር በእነሱ ቃል ጻፊው፣ አለ። ልብ ይበሉ፣ እርስዎ በቀይ እስክርቢቶ ያሉኝን ነው ደግሞ የነገረኝ። ምክሩ መልካም ነበር። ክፉው የእኔ ጆሮ ነው፤ “ያለሽን” የሚለውን ዘሎ “በእነሱ ቃል” የሚለውን ብቻ ሰማ።

አምስት ማስታወቂያ ሰብስቤ ቃሉን ሁሉ ለቀምኩት። የግድብ ንድፍ። የኮንትራት አስተዳደር። የጥራት ቁጥጥር። የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት። ከፍቻቸው የማላውቃቸው፣ ስማቸውን እንኳ አስተካክዬ የማልጠራቸው ሦስት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች። ሲቆጠር ሃያ ሦስት ሆነ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ፤ ገጹን ለቀለቅሁት። የአንድ ዓመት ልምድ ስለተጠየቀ ደግሞ የልምድ ማስረጃ ያስፈልጋል። እሱን እንዲጽፉልኝ ነው ታኅሣሥ ላይ ወደ እርስዎ የመጣሁት።

የሆነውን ያስታውሳሉ፤ ቢሆንም በጽሑፍ ይስፈር። አንድ ዓመት የግድብ ሥራ ላይ ነበረች ብለው ይጻፉልኝ፣ ማኅተሙን እኔ ከሌላ አስመታለሁ አልኩ። እርስዎ የብዕሩን ክዳን ገጠሙና አልጽፍም አሉ። አምስት ባለጉዳይ ተሰልፎ ነበር፤ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ “ለከሳሹም ለተከሳሹም ሲጽፉ ኖረው፣ ለእኔ ሲሆን ጻድቅ ሆኑ?” አልኩዎት። ከወረቀት ደላላ ምን ይጠበቃል ብዬም ጨመርኩ።

ቀና ብለው አላዩኝም። “ለሁለቱም እጽፋለሁ፤ ያልሆነውን ግን ለአንዳቸውም አልጽፍም” አሉ፤ ቀጥለውም የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠሩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ቃል ልመልሰው አልችልም፤ ይቅርታ ልጠይቅበት ግን እችላለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ያሳደገኝ ወረቀት ሁሉ ከእርስዎ እጅ የወጣ ነው፤ አባቴ መሬቱን ባይረታ እኔም ባልተማርኩ።

የሐሰት ማስረጃውን ሌላ ቦታ አገኘሁት። ማን እንደጻፈው አልናገርም፤ እሱ ቢጽፈውም ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በዚያ ወረቀት መሠረት 2008 ዓ.ም. ሙሉውን፣ አይቼው በማላውቀው ግድብ ላይ፣ ስሙን ከማስታወቂያ ባገኘሁት ተቋራጭ ሥር ስሠራ ነበር። ጥር ላይ ወረቀቴን ካስገባሁበት የእንጅባራው ጽሕፈት ቤት ተደወለልኝ፤ ለቃለ መጠይቅ ነይ ተባልኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ በዚያች ሰዓት አሸነፍኩዎት ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ቆሰበር፣ እዚያው እንጅባራ፣ የገባሁት በጠዋት ነው፤ ጉምና ብርድ ነበር። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የምትጠይቀኝ መሐል ያለችው ኢንጂነር እመቤት ናት፤ ጸጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት። ወረቀቴን አገላበጠችና የውሃ ፍሰት ልኬት ብለሽ ጽፈሻል፣ የት ለካሽ፣ በምን ለካሽ፣ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ አለችኝ።

ጋሼ፣ ከሃያ ሦስቱ ይህቺ የእኔ ነበረች። ማንም ከክፍሌ ልጆች የእኔን ያህል አልለካም። ቆረቆንዳው፣ አሥር ሜትሩ፣ እርስዎ ከታች “ደረሰ” ሲሉ፣ ተሳስቼ የተመለስኩበት ቦይ ሳይቀር፣ ሁሉም አፌ ላይ መጣ። ልናገር ስል ፊቷ የተዘረጋውን ማስረጃ አየሁት። በዚያው ወር፣ በዚያው ዓመት ግድብ ላይ ነበረች ይላል። የወይዘሮ ደጊቱን ቦይ ካነሣሁ ግድቡ ሊፈርስ ነው። እናም እውነቱን ዋጥኩት፤ “በማሽን” አልኩ። በየትኛው ማሽን አለች። ስም የምጠራለት ማሽን አልነበረኝም። በስንት ጥልቀት ላይ እንዳስቀመጥሽው እንኳ ንገሪኝ አለች።

አልተቆጣችም። በእስክርቢቶዋ ጫፍ ቃላቱን አንድ በአንድ ቆጠረች።

“ሃያ ሦስት ናቸው። አንዱን ብቻ፣ በእጅሽ የሠራሽውን፣ ንገሪኝ።”

በሩን ከፈተችልኝ እኮ። ያቺን በር ዛሬም አያታለሁ። እኔ ግን “ሁሉንም ሠርቻለሁ” አልኩ። ማኅደሩን ዘጋችው፤ አመስግነውም አሰናበቱኝ።

በአውቶቡስ ስመለስ እስከ ዳንግላ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ባዶ እጄን ብሄድ ኖሮ ባልተቆጨኝ። የሚቆጨኝ ያለኝን በሌለኝ መቅበሬ ነው። ሃያ ሁለት የሰው ቃል ደርድሬ አንዷን የራሴን አፈንኳት። ሰው ሲዋሽ የሌለውን የሚጨምር ይመስለኝ ነበር፤ ያለውን እንደሚያስጥል አላውቅም ነበር።

እርስዎ ዘንድ ለመምጣት ሦስት ሳምንት ፈራሁ። ስመጣ አጥሩ ጥግ የሉም፤ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ልጅ ተቀምጦበታል። ዓይናቸው ስለደከመ ልጃቸው ጫግኒ ወሰደቻቸው አሉኝ። ሳልሰናበትዎት ሄዱ። በዚያ ቀን አለቀስኩ፤ ለእርስዎ ዓይን ይሁን ለእኔ ጥፋት አላውቅም፣ ምናልባት ለሁለቱም ነው።

ከዚያ በኋላ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም ሳይጠራኝ ወደ ቀድሞዎቹ ቦዮች እየሄድኩ እንደገና ለካሁ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስድስቱ ሳንቃ ዛሬም ይሠራል። ሁለቱ በስብሰዋል፣ ሦስቱን ሰው ነቅሎ ለበረት በር አድርጓቸዋል። የካሳው ልጅ ሠርግ ላይ ወይዘሮ ደጊቱ ጠላ ስትቀዳ አየሁ፤ ይህንንም ይወቁልኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ እንጅባራ ሄጄ ያው ጽሕፈት ቤት ያው መደብ ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ አገኘሁ። የአሁኑ የአንድ ዓመት ልምድ አይልም፤ “በመስኖ ሥራ ላይ የተረጋገጠ የመስክ ተሳትፎ ያለው” ነው የሚለው። ቆሜ በደብተሬ ገለበጥኩት። እቤት ስገባ ቀይ እስክርቢቶ ገዝቼ ነበር። አሰመርኩ፤ አሥራ አንድ ቃል ወጣ። ከዚያ እርስዎ ለክስ የማስረጃ ዝርዝር ሲያዘጋጁ እንደሚያደርጉት ገጹን ለሁለት ከፈልኩትና በአንድ ወገን ቃሉን፣ በሌላው ምስክሩን፣ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ጻፍኩ። ምስክር ያጣውን ቃል ሰረዝኩ። የኮንትራት አስተዳደር ወዲያው ሄደ። የጥራት ቁጥጥርም። የኮምፒዩተር ንድፍ ላይ ትንሽ ታገልኩ፤ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ግን በሥራ አልነካሁትም፤ ስለዚህ “ተምሬያለሁ” ብዬ በትምህርቱ በኩል አስገባሁትና ከልምድ አወጣሁት። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ቀረ።

ከስድስቱ አንዱ “የውሃ ማከፋፈያ ንድፍ” ነበር። ይህቺን እወዳታለሁ፤ ማስታወቂያው ላይ ከሁሉ በፊት የተጻፈች፣ ነጥቧም ትልቅ እንደሆነ ያስታውቃል። ሳንቃውን አስታውሼ በደስታ ጻፍኳት። በምስክሩ ወገን ወይዘሮ ደጊቱ ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ፤ ንድፉ የማን ነበር? እኔ ስፋቱን አሰላሁ እንጂ ሐሳቡ የእሷ ነው። እሷን ለራሷ ሐሳብ ለእኔ ምስክር ላደርጋት ነው? ሰረዝኳት። በምትኩ “አርሶ አደሮች ያፈለቁትን ማከፋፈያ መለካት፣ ማስላትና መሳል” አልኩ። የሰው ኃይል ሠራተኛው ዝርዝር ላይ ይህ ሐረግ ላይኖር ይችላል። ይቅር፤ በአምስቱ ልድረስ።

አሁን ከባዱን ልንገርዎት። የሐሰቱ ማስረጃ እዚያ ጽሕፈት ቤት ማኅደር ውስጥ ነው ያለው። አባቴ ተይው ይለኛል። “ያልተጠየቀ አይመልስም፤ ይህን ያስተማረሽ ደርበው ራሱ ነው” ብሎ ከእርስዎ ጠቅሶ ሊረታኝ ይሞክራል። ግን ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ። አንዱ ወረቀቴ በ2008 የካቲት ግድብ ላይ ነበረች ይላል። ሌላው በዚያው በ2008 የካቲት ከወይዘሮ ደጊቱ ቦይ ዳር ነበረች ይላል። በአንድ ቀን ሁለት ቦታ የቆመች ምስክርም የላት፣ ሥራም የላት። አንደኛው መውደቅ አለበት። ስለዚህ በማመልከቻዬ በሁለተኛው አንቀጽ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ “በ2009 ዓ.ም. ለዚሁ ጽሕፈት ቤት ያቀረብኩት የሥራ ልምድ ማስረጃ እውነተኛ አልነበረም። አሁን ያያያዝኩት እውነተኛ ነው።”

ማሪቱ፣ አትደንግጪ። ይህ ዓረፍተ ነገር ሊያስከስሰኝ እንደሚችል ከአባትሽ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ጠይቄ አውቄያለሁ። ወረቀቴን ወደዚያኛው ክምር ሊጥሉት ይችላሉ። ፖሊስ ዘንድ ሊልኩትም ይችላሉ። አስቤበታለሁ፤ ሌሊት ፈርቼ ቀን ወስኛለሁ፣ ቀን የወሰንኩትንም አልሽርም። አልሄድም ማለት ቀሪ ዘመኔን “ሁሉንም” እንዳልኩ መኖር ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን ዘጠኝ ወር ተሸክሜው አልቀለለም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያቺን ባለ ሁለት ወገን ገጽ አያይዣለሁ። በአምስቱም ቃላት አንጻር የእርስዎን ስምና የማሪቱን ስልክ ጽፌያለሁ። ማሪቱ አንድ በአንድ ታንብብልዎት። አይቻለሁ የሚሉት ይቆይ። አላየሁም የሚሉትን እጅዎን ይዛ በቀዩ እስክርቢቶ ታሰርዝዎት፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም፣ ያንን ቃል ትቼ በቀረው አመለክታለሁ። ስምዎን ጭራሽ አውጪው ካሉም አወጣዋለሁ። ይህ ከሆነ አንድም ምስክር ሳይኖረኝ እሄዳለሁ እንጂ ዓርብ ሳልሄድ አልቀርም። ዓለምነው ረቡዕ ሲመለስ ገጹን ይሰጡት።

ቢፈቅዱልኝና ከእንጅባራ ቢደውሉልዎት፣ ደግ ልጅ ናት እንዳይሉ። ያንን ከዚህ በፊት ጽፈነው አልሠራም። ለካች ወይ ሲሉዎት፣ ሠላሳ አንድ ቦታ ለካች፣ ከታች ሆኜ “ደረሰ” የምለው እኔ ነበርኩ ይበሏቸው። ተሳስታ ታውቃለች ወይ ቢሉ፣ ከግምጃ ቤት መንገድ በታች ተሳስታ በሳምንቱ አረመች ይበሉ። ስለ ሐሰቱ ወረቀት ከጠየቁዎት ደግሞ፣ ጋሼ፣ እባክዎ እኔን ለማዳን ብለው ዝም እንዳይሉ። መጥታ እንድጽፍላት ለምናኛለች፣ እኔ እምቢ ብያለሁ፣ እሷም ሰድባኝ ሄዳለች ይበሏቸው። ያን ቀን ያዩኝ እርስዎ ነዎት፤ ለእውነቱም ለሐሰቱም ምስክሬ አንድ ሰው ነው።

አክባሪዎ፣
እህተማርያም አድማሴ